ከምንጩ ኩሬ የጠፋው ተክል

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር አንድ ካፌ ገብቼ ዓሣ ካለበት የመስታወት ገንዳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ውሃው ውስጥ የሚወዛወዘውን ቅጠል አፍጥጬ ሳየው አስተናጋጇ፣ “ፕላስቲክ ነው” አለችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለን፣ የክፍል ጓደኛዬ ሆዳን፣ መልካ ጀብዱ ከሚባለው ሰፈሯ ወጣ ብሎ ካለ የምንጭ ኩሬ አንድ ተክል አሳየችኝ። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሾለ፤ ከውሃ ሲወጣ እንደ እርጥብ ፀጉር እጅ ላይ ይተኛል። የሚገርመው አበባው ነበር። ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሰው ወንዴ አበባ ከአገዳው ተላቆ ወደ ላይ ይወጣና፣ ነፋስ እየገፋው ሴቴዋ አበባ ወዳለችበት ይንሳፈፋል። መምህራችን አገላብጠው አይተው፣ “እዚህ አካባቢ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም” አሉን። በደስታ መንገድ ዳር ቆመን ትኩስ ሳንቡሳ እየበላን፣ አፋችን እየተቃጠለ ሳቅን።

ምንጩ ግን በሲሚንቶ ተከድኖ ለሰፈሩ ውሃ የሚስብ ሞተር ሊገጠምለት ነበር። መምህራችን የተክሉ ዘር እስኪደርስ ሥራው አንድ ወር እንዲዘገይ ለመኑ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተሰብስበው ሆዳንን ጠየቋት።

“የተማርሽ ልጃችን ነሽ። ምን ትያለሽ?”

ወገባቸውን የሚያማቸው እናቷ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሆዳን መሬት መሬቱን አየች።

“ይገንባ” አለች።

በባጃጅ ስንመለስ፣ “አንድ ወር ብቻ እኮ ነበር” አልኳት።

“አቦ፣ አንቺ ቤት ቧንቧ አለ። እናቴን አንድ ወር ጨምረሽ ውሃ ተሸከሚ ልበላት?”

ሥራው ሳይጀመር ተመልሼ ሄድኩ። ጥቂት ተክል በሳፋ ቤቴ ወሰድኩ። ጊዜው የግንቦት ሐሩር ነው፤ ውሃውን ብቀያይርለትም ቡናማ ሆኖ ሟሸሸ። ኩሬው ተከደነ፤ መልካ ጀብዱ ውሃ አገኘች። እኔና ሆዳን አልተጣላንም፤ ግን የጨዋታችን ለዛ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ጅረት ባየሁ ቁጥር ተክሉን ፍለጋ ወርጄ አጎነብሳለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ጅግጅጋ የምታስተምረው ሆዳን ትናንት ደወለችልኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ተጨዋወትን። ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ክረምት ላይ ኤረር በኩል ያሉትን ምንጮች ዞሬ አየሁ” አለች። “የለም። አንቺስ አገኘሽ?”

“እኔም አላገኘሁም” አልኳት።

ያን ቀን ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ግን እሷንም እንዳላሳረፋት ያወቅኩት ይኸው ገና ትናንት ነው።