በአባቴ ማዕዘን የቆመችው

የአክስቴ ልጅ ስትቆም ያምርባታል። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ከዚህ በኋላ ስለ እሷ ደግ ነገር የምጽፍ አይመስለኝም።

ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይመጣልን ቀርቶ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የፖሊስ ምልምል ሆንን። በከተማው በጦርነት ለሞቱ የአካባቢው ልጆች የቆመ ሐውልት አለ። በየዓመቱ የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ ከምልምሎቹ አራት ሰው ይመረጥና በአራቱ ማዕዘን የክብር ዘብ ሆኖ ይቆማል። በምሥራቅ በኩል ድንጋዩ ላይ የአባቴ ስም ተቀርጿል። ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ፣ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልመጣልንም። እናቴ ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር ስለሌላት ያላት ያ ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ የምሥራቁ ማዕዘን የኔ ነው ብዬ ነበር። ገና ሳልመረጥ ስልክ ደውዬ፣ "እማ፣ ዘንድሮ አባዬን የምጠብቀው እኔ ነኝ" አልኳት። እሷም በምትኖርበት በራቤል ከተማ ላለ ጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው።

የአክስቴ ልጅ አባት በሕይወት አለ። ገበያ መሐል ገብስ ይሸጣል፣ ይስቃል፣ ልጁን ባየ ቁጥር ኪሱን ይዳብሳል። አባትም የሷ፣ ማዕዘኑም የሷ ሆነ።

ያሠለጠኑን ድሮ ክብር ዘብ የነበሩ ጡረተኛ ሻምበል ናቸው። ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ሜዳ ያወጡናል። አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ሁለቱን እጅ ሰደፉ ላይ፣ አንገት ደፋ። ከዚያ በኋላ ሰው መሆን ቀረ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ደርቆ የቆመ ሰው ይታማል፤ ደረት ካልደቃህ፣ ፊት ካልነጨህ አላዘንክም። ሻምበል ደግሞ ተቃራኒውን ነበር የሚያስተምሩን።

"ሻምበል፣ ዝንብ ፊቴ ላይ ብታርፍስ?" አልኳቸው።

"ትረፍ። አንቺ ላይ ካላረፈች የት ትረፍ?"

"ማስነጠስ ቢመጣብኝስ?"

"ዋጪው።"

"ልቅሶ ቢመጣብኝስ?"

"ዐይንሽ ያልቅስ። አንቺ ግን አታልቅሺ" አሉኝ።

የተሸነፍኩት በዝንብም በማስነጠስም አልነበረም። የልምምዱ መጨረሻ ቀን ሐውልቱ ጋ ሆነን ሳለ፣ በመታሰቢያው ቀን የሚጸልዩት የደብሩ አለቃ መጡና አብረውን ተለማመዱ። ሐውልቱን ዞረው ሲጨርሱ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ለምሥራቁ ማዕዘን ተፎካክረን ጎን ለጎን በቆምንበት በኩል አለፉ። እንደለመዱት መስቀላቸውን አወጡና ዘረጉልኝ። እኔ ምንም አልወሰንኩም፤ መስቀል ሲመጣ ግንባሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቀድሞኝ ይሄዳል። ጎንበስ አልኩ፣ ተሳለምኩ። ጠመንጃው ከእጄ አምልጦ ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ።

አለቃው ወደ አክስቴ ልጅ ዞሩ። መስቀሉን ከከንፈሯ አጠገብ ያዙላት። ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተነቃነቀም።

"ይቺ ደሞ ምን ሆናለች? መስቀል አትሳለምም?" አሉ።

"ይተዉዋት አባ፣ አሁን ሐውልት ናት" አሉ ሻምበል።

"ሐውልትም ይባረካል" ብለው ራሳቸው ግንባሯንና ትከሻዋን በመስቀሉ ነካ ነካ አደረጓት። ሜዳው በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሻምበል ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ተጠባባቂ።"

"ሻምበል፣ አባቴ እኮ እዚህ ድንጋይ ላይ ነው።"

"ለዚያም ጭምር ነው" አሉና ሄዱ።

ከአክስቴ ልጅ ጋር የተከራየነው አንድ ክፍል ስለሆነ የምሸሽበት አልነበረኝም። እሷ መስታወት ፊት አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፤ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ "ሳል ይያዝሽ" እላለሁ።

"ምቀኛ!"

"አዎ፣ ነኝ።"

ሳቀችና አጠገቤ ተቀመጠች። "ከፈለግሽ ሻምበልን ልለምንልሽ። ልተውልሽ" አለችኝ። ይህን ስትለኝ ነው የምር የጠላኋት። የምትተውልኝ ነገር ያላት እሷ መሆኗ ነዋ።

ለእናቴ አልደወልኩም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቀኑ ደረሰ።

ነፋሱ የሰውን ነጠላ ይገፍፍ ነበር። እኛ ተጠባባቂዎች ከሐውልቱ ኋላ ተሰልፈን፣ በዚያው ሕግ፣ ሳንነቃነቅ ቆመናል። እናቴ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ የራቤል ጎረቤቶቿን አስከትላ ስትመጣ አየኋት። ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል። ቀጥታ ወደ ምሥራቁ ማዕዘን ሄደች፤ ሄዳም ቆብ ካጠለቀችው፣ አንገቷን ከደፋችው ልጅ እግር ሥር ወደቀች።

"እይ እንጂ!" አለች ድንጋዩን። "ያቺ በትከሻህ የምትሸከማት ልጅህ አድጋ፣ ጠመንጃ ይዛ ቆማልሃለች! እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ እይ እንጂ!"

ጎረቤቶቿ ደረታቸውን ደቁ። አንዷ፣ "ልጅ ማለት እንዲህ ነው!" ስትል ሰማኋት። እናቴ የአክስቴን ልጅ ጉልበት አቀፈች፣ የሱሪዋን ጫፍ ሳመች። ያቺ ደግሞ "እኔ አይደለሁም" እንዳትል ሕጉ ይዟታል። እንባዋ በአገጯ ወርዶ ጓንቷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፣ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። እኔ እግሬ ወደፊት ሊሄድ ሲል አጠገቤ ያለው ምልምል በጥርሱ መሐል፣ "ቁሚ!" አለኝ። ቆምኩ። እንደዚያ ቀን ቆሜ አላውቅም። ማንም ደግሞ አላየኝም።

እናቴ ቀና ብላ ልጅቷን ከታች ወደ ላይ ስታያት አየኋት። አወቀች ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ ግን እንደገና ጉልበቷን አቅፋ ከበፊቱ ብሳ አለቀሰች።

ሰልፉ ሲበተን ሮጬ ደረስኩ። "እማ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ። እሷ የአክስቴ ልጅ ናት!"

"ይገባኛል" አለች ዐይኗን እየጠረገች። "ቀና ስል አወቅኋት።"

"ታዲያ ለምን አልተውሽም?"

"አንገቷ የሱ ነው፣ ልጄ። የእህቱ ልጅ አይደለች? አጎንብሳ ሳያት እሱ የቆመ መሰለኝ። አንቺ እኮ እኔን ነው የመሰልሽው።"

ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር መኖሩም አልታያት። የአክስቴን ልጅ ክንድ ይዛ፣ የቀዘቀዙ እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላ እያሸች፣ ወደ ሚኒባሱ መቆሚያ አብራት ተጓዘች። ጎረቤቶቹም ከበቧት። የእናቴን ዘንቢል የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በውስጡ ለዘቡ ተብሎ የተቋጠረ ዳቦ ነበረበት፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። እየሄድኩ ቆርሼ በላሁ፣ ደግሜ ቆረስኩ፤ እነሱ ጋ ስደርስ ግማሹ አልነበረም።