ጠመንጃ ያዥ የገባው ክዳን

ሲቲ ጌጃ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ መስፋት ከጀመረች ብዙ ዘመኗ ነው። ከወሎ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች ከአጎቷ ጋር ነበር። አጎቷ ሲሞት ሱቁንም የስፌት መኪናውንም ለእሷ ተወላት፤ ልጆቿን ያሳደገችውም የዳረችውም በዚያችው መኪና ነው። የሱሪ እግር ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ዒድ ሲደርስ የልጆች ቀሚስ ትሰፋለች። በሰፈሩ የምትታወቀው ቀጠሮ ባለማዛባቷ ነው፤ ሐሙስ ካለች ሐሙስ ነው። ለዚህም ይሆናል፣ ሰው ይደረጋል ካላት አምና የምትቀመጠው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከደጃፏ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አንድ ቀን ጠፋ። ብረቱን ለቆራሌው ሸጠውት ነው ያለም ነበር፤ የጭነት መኪና ሰብሮት ነው ያለም ነበር። ሲቲ አሮጌ ወንበር ገለበጠችበትና ቀይ ጨርቅ አሰረችበት። አንድ ዝናባማ ጠዋት ግን ጎርፉ ወንበሩን ገፍቶት ኖሮ፣ ጎረቤቷ ጋሽ አስመላሽ ልደታን ስመው ሲመለሱ አንድ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጎትታ ያወጣቻቸው እሷ ናት። አጥንት አልተሰበረም፤ ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ግድግዳ እየተደገፉ ነው የሚያልፉት።

ሲቲ የዚያኑ ዕለት ለክፍለ ከተማው የቅሬታ መቀበያ ስልክ ደወለች። ያነሣችው ልጅ ትሕትናዋ አስገረማት። ስሟን ጠየቀቻት፣ ችግሩን ጠየቀቻት፣ ቦታውንም ጠየቀቻት። ሲቲ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው አለች። ከዚህ የበለጠ አድራሻ ኖሯት አያውቅም፤ ደንበኞቿም በዚሁ ነው የሚያገኟት።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ቅሬታዎ ምላሽ አግኝቷል፣ ስለተባበሩን እናመሰግናለን ይላል። ሲቲ አንብባ ቀና አለች። ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ነው። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አነበበችው። ምናልባት ምላሽ ማለት ሌላ ነገር ይሆን? ምናልባት ሰምተናል ማለታቸው ይሆን? መጨረሻ ላይ ሱቋን ቆልፋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የሄደችው፤ የሚጣሉት ሰው ግን አላገኘችም። ቦታው ታድሷል፤ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ተራዋን በድምፅ ማጉያ ይጠሩላታል። የቅሬታ ክፍሉ ሠራተኛ ዮፍታሔ የሚባል ወጣት ነው፤ ስትገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላትና ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዞረላት። ፎቶ ነው። አዲስ ክዳን፣ ዙሪያው ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ፣ ከኋላው የወፍጮ ቤት በር።

«ይኸው እናቴ፣ ተሠርቷል» አላት።

«ይሄ የእኛ አይደለም፤ የእኛ ወፍጮ ቤት በሩ አረንጓዴ አይደለም።»

«በስምዎ እኮ ነው የተመዘገበው።»

ስሟ ከነአባቷ ከፎቶው ሥር ተጽፏል። ሲቲ ስሟንና በሩን ደጋግማ አየች። ልጁ አይዋሽም፤ ፊቱ የዋሾ ፊት አይደለም። ፎቶውን በስልኳ አንሥታ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ዕድሜ ልኳን ፊት ለፊቷ የኖረውን በር ቆማ አየችው። ቡናማ ነው። አይታም አልረካችም፤ የወፍጮ ቤቱን ሰው የበሩን ቀለም ቀይራችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች።

ነገሩን የፈቱላት ጋሽ አስመላሽ ናቸው። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እንዳዩ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው አሉ፤ በወጣትነታቸው እዚያ ተከራይተው ኖረዋል።

በማግስቱ ሲቲ ወደዚያ ሄደች። ክዳኑ አለ፤ አረንጓዴው በርም አለ። አጠገቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ወይንሀረግ የምትባል ሴት ተቀምጣለች። ወይንሀረግ እንደነገረቻት ጉድጓዱ ክረምትና በጋ ተከፍቶ ነው የኖረው፤ እነሱም ተስፋ ቆርጠው መናገር ትተዋል። አንድ ቀን ታዲያ ሠራተኞች መጥተው ከድነውት ሄዱ። ማን እንደጮኸላቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

«የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ግን ለእናንተ አልነበረም» አለች ሲቲ።

ወይንሀረግ ማመስገን ይሁን ይቅርታ መጠየቅ የሚገባት ግራ ገባት። ቆይታ ቆይታ በፌስታል ቲማቲም ሞላችላት። ሲቲም ቲማቲሙን አንጠልጥላ ስትመለስ፣ ተበድላ ይሁን በጎ ሠርታ መለየት አቃታት። ልትናደድ ፈለገች፤ የምትናደድበት ሰው ግን አልመጣላትም።

ከዚያ የሁለቱም ሰፈር ነዋሪዎች ያሉበት ስብሰባ ተጠራ። መድረኩን የመሩት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሰላሁን ናቸው። የቀረበ ቅሬታ ሁሉ ምላሽ አግኝቷል ብለው ፎቶዎቹን በግድግዳው ላይ አሳዩ፤ ከመካከላቸው ያ አረንጓዴ በር አለ። ባለጉዳይዋ ካሉ ተነሥተው ይመስክሩ ሲሉ፣ ሲቲ መነሣቷን ያወቀችው ከቆመች በኋላ ነው። ወይንሀረግ ከኋላ ተቀምጣ በዓይኗ ትለማመጣታለች። ስሕተት ነው ብትል ያንን ክዳን ነቅለው ይወስዱባቸው ይሆን?

«ክዳኑ በደንብ ተሠርቷል፤ እኔ የጠየቅሁት ግን ጌጃ ሰፈር ነበር» አለች።

አዳራሹ ተንጫጫ። አቶ ሰላሁን ዝም አሰኙና «ታዲያ ቅሬታዎ ተፈቷል ወይስ አልተፈታም?» አሏት።

«እሱን ከእናንተ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ዮፍታሔ ተጠየቀ። ሠራተኞቹ ፎቶ ሲልኩ ቅሬታውን ዘጋሁት አለ። የሠራተኞቹ ኃላፊም በተሰጠን አድራሻ ሄድን፣ ክፍት ጉድጓድ አገኘን፣ ከደንን አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ሄዶ ያየ ሰው ነበር ወይ ሲባል ግን አንዱ ሌላውን አየ። አቶ ሰላሁን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወይንሀረግ ያኔ ተነሣችና የእኛ አይነሣ እንጂ ሴትዮዋ እውነቷን ነው አለች። ስብሰባው ጉዳዩ ይታያል ተብሎ ተበተነ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሦስት ሠራተኞች በፒክአፕ መጥተው ጉድጓዱን ከደኑ። ሲቲ ማን ላካችሁ አለቻቸው፤ ታዝዘን ነው ከማለት በቀር አያውቁም። ስልኳን ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ለዮፍታሔ ስትደውልለት ኮምፒዩተሩን ፈለገ ፈለገና እዚያ ቦታ የተመዘገበ ሥራ የለም አላት። «ግን ተከድኗል?» ብሎ ጠየቃት። ተከድኗል አለችው። እሱም ደስ አለው፤ እንዴት እንደሆነ ግን እሱም አልገባውም። በሚቀጥለው ሳምንት በእግሩ መጥቶ ክዳኑን አየና ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ጋሽ አስመላሽ ክዳኑን መጀመሪያ በምርኩዛቸው፣ ቀጥሎ በእግራቸው ሞከሩት። አሁን መሐል ለመሐል ይረግጡታል።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሲቲ ጋ መምጣት ጀመረ። የአንዱ የመንገድ መብራት ጠፍቷል፤ የሌላው ቱቦ ተደፍኗል። እንዴት አድርገሽ ነው ያሠራሽው ይሏታል። መደወሏን፣ ቢሮ መሄዷን፣ ጠመንጃ ያዥን፣ ስብሰባውን አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። የትኛው እንደሠራ ሲጠይቋት ግን መርፌዋን ይዛ ትቀራለች። እነሱም አንድ የደበቀችው ነገር አለ እያሉ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ።