የአቶ ስብሐት ክፍል ማሞቂያ

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ዘመድ አዝማድ ሲጯጯህ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዝዙ ነበር፤ የሚታዘዙትም ለዚያ ዝቅ ላለው ድምፅ ነው። ቤታቸው ውስጥ ግን ክርክር አይሆንላቸውም፤ በተለይ ከባላቸው ታናሽ ወንድም ከኪሩ ጋር። ኪሩ ሸጎሌ ከብት ይነግዳል። ለወንድሙ ሟች ነው፤ ችኩልም ነው።

ባለቤታቸው አቶ ስብሐት ሳንባቸው ከተጎዳ ወዲህ የሰፈራቸው የቁስቋም ብርድ ጠላታቸው ሆኗል። የከሰል ጭስም አይችሉም። ደግነቱ ድሮ በሹፌርነት የሠሩለት ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ክፍል የሚያሞቅ ኤሲ ሰጥቷቸው ነበር። አንደኛው ማሽን መኝታ ቤት፣ ሁለተኛው ውጪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ።

ሐምሌ ላይ፣ አቶ ስብሐት "ከሙቀት እንዳይወጡ" ተብለው ከሆስፒታል በተመለሱ ሰሞን፣ የውጪው ማሽን ተንገጫገጨና ዝም አለ። አቶ ስብሐት ሲያስሉ አደሩ። ጠዋት ወይዘሮ የዓለምወርቅ የባላቸውን ከንፈር አዩ፤ ጠቁሯል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መልክ ነው፤ ከሥራቸው ያውቁታል።

ኪሩ ወዲያው ወጥቶ አዲስ የውጪ ማሽን አስጭኖ መጣ። ከአዲሱ ገበያም በድሉ የሚባል የኤሲ ጠጋኝ አስከትሏል። በድሉ አዲሱን ማሽን አገላብጦ አየ፤ መኝታ ቤት ገብቶ የውስጡንም አየ።

"ይሄን ከዚያ ጋር አላገናኝም" አለ ሲወጣ። "የአዲሱ ጋዝ ሌላ ነው፤ ግፊቱ ከባድ ነው። የውስጡ ማሽን ለዚያ አልተሠራም።"

"ሻጩ ይሆናል ብሎኛል" አለ ኪሩ።

"ሻጩ እዚህ ቤት አያድርም።"

"ወንድሜ እየታፈነ አንተ ስለ ጋዝ ታወራለህ? ካልቻልክ የሚችል እጠራለሁ።"

በድሉ ፊቱ ተለዋወጠ፤ መፍቻዎቹን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ። ከውስጥ የአቶ ስብሐት ሳል ተሰማ፤ ረጅም፣ ትንፋሽ የማይሰጥ ሳል።

"በድሉ፣ ይፈነዳል ነው የምትለኝ?" አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

"እሱን አላውቅም፣ እትዬ። ሊችለውም ይችላል። ግን ናይትሮጅን በሚባል ጋዝ ግፊት ሰጥቼ ሳልፈትሽ አልነካውም። ለዚያ ደግሞ ጋሼ ከክፍሉ መውጣት አለባቸው።"

"በዚህ ብርድ?" ኪሩ በሩ ላይ ቆመ። "አንድ ነገር ቢሆን በአንቺ ነው፣ የዓለም። እኔ የለሁበትም።"

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ወደ መኝታ ቤቱ አዩ። ቢያወጧቸው ብርዱ፣ ባያወጧቸው ማሽኑ። የሳሉ ድምፅ ቀጥ ሲል ግን ወሰኑ።

"ኪሩ፣ ወንድምህን በቀኝ በኩል ደግፈው" አሉ ቀስ ብለው።

ኪሩ ከበሩ ለቅቆ ገባ።

አቶ ስብሐትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ማዕድ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃው አጠገብ አስቀመጧቸው። በድሉ የናይትሮጅኑን ሲሊንደር ደጅ አቁሞ ከውስጡ ማሽን ቱቦ ጋር አገናኘና ቀስ እያለ ከፈተ። የግፊት መለኪያው ቀስት ወጣ፤ ቆመ።

"ይኸው፣ ያዘ" አለ ኪሩ።

በድሉ ግን ትንሽ ጨመረ። ቀስቱ ገና ሲነቃነቅ ከመኝታ ቤቱ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ።

ሲገቡ የውስጡ ማሽን ክዳን ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል። ስብርባሪው አልጋው ላይ ነው፤ ትራሱ ላይ። ኪሩ አንዱን አንስቶ በመዳፉ ያዘው፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነበር።

"ምን ወደቀ?" አሉ አቶ ስብሐት ከማዕድ ቤት።

"ዕቃ ነው" አሉ ባለቤታቸው።

ኪሩ በዝናብ ወጥቶ ሄደ። ከአዲሱ ጋር የሚሄደውን የውስጥ ማሽን ከነቱቦው ይዞ እስኪመለስ ወይዘሮ የዓለምወርቅ የባላቸውን ደረት እያሹ፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጡ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ትንፋሹ የቆመ መስሏቸው ስማቸውን ጠሩ። "አለሁ" አሉ አቶ ስብሐት፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

በድሉ የውስጡን ማሽን ሲያስር ኪሩ ከሥር ቱቦውን ደግፎ ቆመ። ፍተሻው አለፈ፤ ማሽኑ ተነሣ፤ ሲመሽ ክፍሉ ሞቀ። አቶ ስብሐት አልጋቸው ላይ ሆነው እጃቸውን ወደ ሙቀቱ ዘረጉ፤ ከንፈራቸው መልኩን እየመለሰ ነበር።

ኪሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ "የዓለም፣ እኔ ባልኩት ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጀመረና አቆመ።

"ካልሲህ ርሷል፤ አውልቀው" አሉት። ውኃ ሊቀዱለት ብርጭቆ አነሡ።