መምህር አዳነ ዛሬ ልጆቻቸውን ሲቆጥሩ

ጎረቤታችን መምህር አዳነ ዛሬ ከሆስፒታል ተመለሱ። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይሻላቸዋል» ብለዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ልጠይቃቸው ስገባ ከማክሰኝት የመጡ አንዲት እንግዳ «ስንት ልጆች አሏችሁ?» ይላሉ።

የመምህር ባለቤት ሙሉ ቶሎ ብላ «አንድ ወንድ» አለች። ሴቷ ልጃቸው ጣና ላይ ከሞተች ወዲህ እሳቸው ስሟን አንስተው አያውቁም፤ እንዳይከፋቸው ብላ ነው።

መምህር ዓይናቸውን ገለጡ። «ሙሉ፣ የእኔን የሒሳብ ሥራ ታውቂው የለ?»

«ኧረ ከየት አውቄ! መስመር ስትቆጥር አይደል የኖርኸው?»

«አዎ፣ ጎባጣ ገጽ ላይ ያሉ ቀጥ ያሉ መስመሮችን። አንዳንዶቹ አይታዩም። የማይታዩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ኳድራቲክ ፎርም የሚባለው የሒሳብ አገላለጽ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ በመደመር፣ አንዱ በመቀነስ። የመደመሩንና የመቀነሱን ልዩነት አይለውጡትም። ግን ከቆጠራው አይወጡም።»

ከሒሳብ ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለተጣላን፣ እኔ የገባኝ የመጨረሻዋ ብቻ ናት።

ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞረው «ሁለት ናቸው። ትልቋ ትርሲት ትባላለች» አሉ።

ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እስቲ ድገመው» አለች። ደገሙላት። እኔም አለቀስሁ።

እናንተስ ቤት ስሙ ሳይነሳ የኖረ አለ? ስሙን ብቻም ቢሆን እዚህ ጻፉልኝ።