ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት የበላነው ሽሮ

ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት በነበረው ዓመት በሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ እጫወት ነበር። እጫወት ነበር ስል ትንሽ ማጋነን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ስለነበር ልጆቹ «እትዬ» እያሉ ያበሽቁኛል። ቡድናችን የመሥሪያ ቤት ቡድን ነው። ጠዋት መዝገብ ቤት ፋይል እንደረድራለን፣ ከሰዓት ልምምድ እንወጣለን።

ያን ዓመት ክፉኛ ተሸነፍን። የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የተሸነፈ ይወርዳል። አለቃችን ደግሞ «ከወረዳችሁ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ትውላላችሁ» ብሎናል። ወጣቶቹ ሌላ ክለብ አያጡም። እኔን ግን ማን ይወስደኛል? ለሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር ጨዋታው ለጿሚዎች ሲባል ወደ አሥር ሰዓት ተገፋ። አሰልጣኛችን «ሙዝና ዳቦ ብቻ፤ ከባድ ነገር እንዳትነኩ» ሲል አስጠነቀቀን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሙዝ የሚልጥ ሰው እኔ አላውቅም። ዘጠኝ ሲል ኡራኤል አካባቢ ያለ ሽሮ ቤት ገባን። ተጋጣሚዎቻችን ቱታቸውን እንደለበሱ ቀድመውን ተቀምጠዋል።

አምበላቸው ቂርቆስ አንድ ግቢ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት። ተነስታ ሳመችኝና ጠረጴዛ አጋጠምን፤ ለብቻ መቀመጥማ ነውር ነው። ቀጥሎ የመጣልኝን ሐሳብ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ጎኔ የተቀመጠችው ዋና ነጥብ አስቆጣሪያቸው ነበረች። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም።

«እንቺ የኔ ቆንጆ» ብዬ ትልቅ ጉርሻ አጎረስኳት። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

«እትዬ፣ በቃኝ፤ ማለቴ ጨዋታ አለብን» አለች አፏ ሞልቶ።

«ቅር ይለኛል» አልኳት።

በራሴ ተንኮል ተደስቼ ዞር ስል፣ የእኛ ረጅሟ ልጅ ጉንጯ አብጦ እንባ አቅርራለች። አምበሏ ጓደኛዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ አራተኛውን እየጠቀለለችላት ነው። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ጠቀሰችኝ። ከዚያ እኔ አምበሏን፣ እሷ እኔን፣ እየሳቅን ተጎራረስን። ሦስት ጊዜ እንጀራ ተጨመረ።

ሜዳ ላይ የወጡት መተኛት የነበረባቸው አሥር ሴቶች ናቸው። አንዷ ኳስ ቀምታ ስትሄድ ሌሎቹ በዓይናቸው ሸኟት። «ውሃ ውስጥ ነው እንዴ የምትሮጡት?» ይላል አሰልጣኙ። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። ረጅሟ ልጃችን ጎኗን ይዛ ስትወጣ አሰልጣኙ ወንበሩን አየና፣ ከእኔ በቀር ሰው ስላልነበረ አስገባኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ በአንድ ነጥብ እየተመራን ጥፋት ተሠራብኝና ሁለት ነጻ ውርወራ አገኘሁ። ቂርቆስ እያለን ይህን ዓይኔን ጨፍኜ አስገባ ነበር። የመጀመሪያው ብረቱን ነክቶ ተመለሰ። ለሁለተኛው ጉልበቴን አጥፌ ልነሳ ስል ሆዴ አላስነሳ አለኝ፤ ኳሷ ቅርጫቱ ጋ ሳትደርስ ወደቀች።

አምበሏ አቅፋኝ አለቀሰች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለችኝ። እኔም ያው ሥራ ነው የሠራሁት፤ ግን ተናድጄ ስለነበር ከእቅፏ ወጥቼ ሄድኩ።

በሳምንቱ ቡድኑ መፍረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ሰኞ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ የልምምድ ሰዓቴ ሲደርስ፣ ሳላስበው ቦርሳዬን አንግቼ ወደ በሩ አመራሁ።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ አለቃዬ።

«ሽንት ቤት» አልኩት። ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ገባሁና በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።