የክንፉ ጀርባ

ባለፈው እሑድ፣ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ በግቢያችን የጉድጓድ ውሃ የታጠበው ነጭ ሸሚዜ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ይዞ ወጣ። ልጄ "ሳሙናውን እየሸጠችው ነው!" ብላ በቤት ሠራተኛችን ላይ ጮኸች። ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ይህን ክስ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የወጣው ከራሴ አፍ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ እዚሁ ነቀምቴ በአንድ ሆስፒታል የውሃና የሞተር ሠራተኛ ሆንኩ። አንሶላ የሚያጥቡት አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አዲስ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ አንሶላው ሁሉ ይወይብ ጀመር። ውሃው ሲቀዳ እንደ ጠበል ጥርት ያለ ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም፤ የተጠረጠሩት ሴትዮዋ ናቸው። እኔ ደግሞ ያኔ ጥላዬን እንኳ የማላምን ሰው ነበርኩ። ሳሙና ወደ ገበያ ሲያወጡ እንዳየሁ አድርጌ ለኃላፊው ነገርኩት፤ አላየሁም። ኃላፊው የሳሙናውን መጋዘን ቁልፍ ቀማቸው። አንሶላው በወሩ መጨረሻ ካልነጣም እንደሚያሰናብታቸው ነገራቸው። ከመሐረባቸው ፈትተው ትኩስ አንጮቴ፣ ያገራችንን ቅቅል ሥራ ሥር፣ ሲያካፍሉኝ፣ ጉቦ ነው ብዬ እየጠረጠርኩ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የቀዳሁትን ባልዲ ውሃ ረስቼው ከሰዓት ብመለስ፣ ከሥሩ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል። ብረት ነው! ውሃው ውስጥ የሟሟ ብረት አየር ሲያገኘው ይዝጋል። እንግዲያው አየሩን የጉድጓዱ ውሃ የሚጠራቀምበት ታንከር ውስጥ እንስጠው አልኩ። ከላይ ክፍት የሆነ ቧንቧ በቁም አስገብቼ፣ በታችኛው ጫፉ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ አራት ክንፎች በየድኩ፤ በክንፎቹ ፊት፣ በሚዞሩበት በኩል፣ ቀዳዳ በሳሁ። በሞተር ሲሽከረከር አየር ይስባል ብዬ ነው። አንዲት አረፋ አልወጣችም። ማን ነካካብኝ ስል አሁንም የጠረጠርኩት አዴ ጫልቱን ነው።

እሳቸው ግን ወደ ገንዳቸው ጠሩኝና መዳፋቸውን ውሃው ውስጥ አቁመው ገፉት።

"አየህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ከፊቱ ውሃው ይቆለላል፤ ከኋላው ይጎድላል። አንተ የበሳኸው ውሃው በሚጫንበት በኩል ነው። አየሩ በየት ይውጣ?"

የፊቱን ደፍኜ የክንፉን ጀርባ በሳሁ። ሞተሩ ሲነሳ ታንከሩ በአረፋ ተሞላ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ደም መሰለ።

ሠራተኛው ግር ብሎ መጣ። "ንጹሕ ውሃ አስገብቶ መርዝ አወጣ!" አሉ። ኃላፊውም "ማነው የላከህ?" ብሎ አፈጠጠብኝ። መጠርጠር እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን ቀመስኩት።

አዴ ጫልቱ ብቻ "ይርጋና እንየው" አሉ። ዝቃጩ እስኪወርድ፣ ውሃውን በአሸዋ እስካጣራው ድረስ ከአጠገቤ አልተነሱም። ከዚያ የለበሱትን የክት ነጠላ አውልቀው በዚያ ውሃ አጠቡና ሰቀሉት። በጥቅምት ፀሐይ ነጭ ሆኖ ደረቀ።

ወደ ኃላፊው ዞረው "ቁልፌን" አሉ።

ማን እንደከሰሳቸው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እስኪሞቱ ድረስ አንጮቴያቸውን በላሁ።

እሑድ ዕለት ሠራተኛችንን አንድ ባልዲ ውሃ አስቀዳኋትና ሦስታችንም ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ሥሩ ቀላ። ልጄ ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ቀደምኳት፤ ከወንበሬ ተነስቼ "ይቅር በይኝ" አልኩ። ሠራተኛዋ እኔ ምን እንደበደልኳት ግራ ገብቷት አየችኝ።