ቢጫ ካናቴራ ከሩቅ

ቴሌኮንቨርተር የምትባለዋን ዕቃ ያገለገለች ነው የገዛኋት። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የምትገባ አጭር ቀለበት ናት፤ ሩቁን በእጥፍ ታቀርባለች። ብርሃን እንደምትቀንስ፣ ምስሉን እንደምታደበዝዝም አውቅ ነበር። ሠርግ እያነሳሁ የምኖር ሰው ይህን ካላወቅሁ ምን አውቃለሁ?

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ልሞክራት ብዬ ኮኪት፣ አጎቴ እርሻ ወረድኩ። እንዲደርቅ ታስሮ የቆመውን ሰሊጥ፣ ሂላውን፣ ከዳር እስከ ዳር እያቀረብኩ ሳነሳ አረፈድኩ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ ባለ ቢጫ ካናቴራ ሠራተኛ የውሃው በርሜል አጠገብ ቆሞ፣ "እስቲ እኔንም አንሳኝ፣ ለእናቴ እልክላታለሁ" አለኝ። ዕቃዋን ነቅዬ አነሳሁት። ጣሳውን እንደያዘ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ የዳሩን ሂላ ተራግፎ አገኙት። ሌባ ሸራ ዘርግቶ ሰሊጡን አራግፎ ወስዶታል። "ያ ካሜራህ አላየም?" አሉኝ። ሁለታችን ፎቶዎቹን ስናይ፣ ሳነሳ ልብ ያላልኩት ሰው ሂላው ሥር አጎንብሶ አገኘን። አጎላሁት። ሙቀቱ የሚያርገበግበው ቢጫ ነገር ብቻ ነው፤ ፊት የለው፣ ምን የለው።

"ያ ባለ ቢጫ ካናቴራው ነው" አልኩ።

"አቤት ዓይን!" ሲሉኝ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ከንቱ ሰው ነኝ!

አጎቴ ሠራተኛውን ሲያባርሩት ማን እንደጠቆመ አልነገሩትም። ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው። በአገሩ ልጆች ፊት "ሌባ" ተብሎ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ። አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየውም።

ወደምኖርባት ከተማ፣ ገንዳ ውሃ፣ ተመልሼ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስገለብጥ የተነሱበትን ሰዓት አየሁ። በርሜሉ አጠገብ የሳቀውና ሂላው ሥር ያጎነበሰው በአምስት ደቂቃ ነው የሚለያዩት። ከዚያ ሂላ እስከ በርሜሉ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ስልኬን አነሳሁ። "አጎቴ፣ ተሳስቼ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይስቁብኛል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

አጨዳው ሲያልቅ ያ ባለ ቢጫ ካናቴራ መናኸሪያ ውስጥ አገኘኝ።

"ወንድሜ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገሬ ገብቷል" አለኝ። "እናቴ ደውላ 'ሰረቅህ ወይ ልጄ?' አለችኝ። እባክህ ያችን ስስቅ ያነሳኸኝን ፎቶ ስጠኝ። ሳይከፋኝ በፊት እንደነበርኩ ትየኝ።"

ንጹሕነቱን የምትመሰክረዋን ያችን ፎቶ በእጁ ማየት ፈራሁ።

"ጠፍታለች" አልኩት፤ ኮምፒውተሬ ላይ እያለች።

"ተወው፣ አንተ ምን ታደርግ" ብሎ እጄን ጨበጠኝና አውቶቡስ ላይ ወጣ።